ኮሞዶር 64 አግኝታችኋል? ቶሎ አታብሩት

ኮሞዶር 64 የተባለው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር እጃችሁ ሲገባ ይሠራ እንደሆነ ለማየት እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። እዚህ ፍራንክፈርት ካሮጌ ዕቃ ገበያ አንዱን ይዤ ስመለስ እኔንም ያቁነጠንጠኛል። ግን እባካችሁ፣ አብሮት በመጣው ፓወር ሰፕላይ አታብሩት።

ይህ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ ማሽን ኃይል የሚያገኘው ለብቻው ከተቀመጠ ከባድ ሳጥን ነው። ሳጥኑ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ጣጣው ያለው 5ቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ውስጣቸው በኢፖክሲ (በሚደነድን ሙጫ) ስለተሞላ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ከዓመታት በኋላ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ይበላሻል። ሲበላሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ከ5 በላይ ይለቃል። ያኔ የሜሞሪ ቺፖቹ ይቃጠላሉ።

«ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀዝቃዛ እያለ ልክ 5 ቮልት ያሳየው ሳጥን ሲሞቅ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ለቅርስነት አስቀምጡትና ለኮሞዶር 64 ተብሎ አዲስ የተሠራ ግዙ። ማሽኑን ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱ ደግሞ ልብ በሉ፦ የአሜሪካው ሳጥን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ 220 ላይ እንዳትሰኩት።

ከዚያ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈታችሁ ክፈቱት። ክዳኑን በኃይል አትሳቡ፤ የኪቦርዱ ሽቦ ከቦርዱ ጋር ተያይዟል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ የካርትሪጅ (ጌም ወይም ፕሮግራም የያዘ ተሰኪ ሳጥን) መሰኪያውን በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ።

አሁን አብሩት። ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 የሚል ቁጥር ከመጣ እሰየው! ቤዚክ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቀረው የሜሞሪ ቦታ በባይት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ በጣታችሁ ጫፍ የሜሞሪ ቺፖቹን በፍጥነት ነካ ነካ አድርጉ። ከወንድሞቹ ተለይቶ የሚፋጀው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነው። ስትቀይሩት ሶኬት (ቺፑ የሚሰካበት መቀመጫ) አስገቡለት፤ ቦርዱ ሁለተኛ ጊዜ በሶልደር እንዳይጎዳ። ድምፅ የሚያወጣው ሲድ ቺፕ ዛሬ ስለማይመረት ያለ ምክንያት አትንቀሉት። ማሽኑ በርቶ ሳለም ካርትሪጅ አትሰኩ፣ አትንቀሉም።

የፕላስቲኩን ቢጫነት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡ አሉ። እኔ አልመክርም። ቢጫው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ማሽኑም በዕድሜው ቢታይ አያሳፍርም።

አብረው የመጡ ፍሎፒና ካሴቶች ካሉ ግን ምንም ሳትጽፉባቸው ወደ ዘመኑ ኮምፒውተር ገልብጡ። የአንድ ልጅ የቤዚክ ፕሮግራም ቅጂው ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል።