ከሰባት ቤት ወደ ሠላሳ ቤት፦ የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበርን እንዴት እናሳድግ?

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ማኅበራችንን ስንጀምር ንብረታችን አንድ ደብተርና አንድ ትልቅ ብረት ድስት ነበር። ጧሪ ለሌላቸው ሰባት አዛውንቶች ምሳ እናደርሳለን፤ በቃ። ዛሬ ሠላሳ ቤት እንደርሳለን። «እንዴት አድርጋችሁ ነው?» የሚለን ሰው ስለበዛ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቤት ለቤት ዙሩ። ማን ቤት የአልጋ ቁራኛ እንዳለ፣ የማን ልጅ ከትምህርት እንደቀረ የእድር ዳኛው ያውቃል፤ እሱን ይዛችሁ ግቡ። ስትገቡም ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። አንዲት እናት የላክንላቸውን ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ትራሳቸው ሥር አስቀምጠውት አገኘነው። «ልጄ፣ በየትኛው ጥርሴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው አጥሚት ይሄዳል። ቀስ ብለን ስንጠይቃቸው ደግሞ የጎደላቸው ምሳ ብቻ አልነበረም፤ ጤና ጣቢያ ወስዶ ካርድ የሚያወጣላቸው ሰው አልነበራቸውም።

ቀጥሎ አንድ ሥራ ላይ ጽኑ። ስማችሁ ሲሰማ ሁሉም ይመጣባችኋል። እኛ መስከረም ላይ «እሺ» ብለን ለተማሪዎች ደብተር ገዛን፤ ጥቅምት ላይ ሽሮ አለቀብን። እምቢ ማለት ያሳፍራል። አዛውንት ጦም ማሳደር ግን የባሰ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። መጀመሪያ ላይ ገንዘባችን በአንድ አባላችን የግል ሒሳብ ነበር የሚቀመጠው። ሰውየው እንከን የለሽ ታማኝ ነው። ታመመና ሁለት ወር ተኛ። እኛም ብር እያለን ከሱቅ በዱቤ ስንበላ ከረምን። ስለዚህ በማኅበሩ ስም፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ። ለዚህ ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋል። ሥራችሁ አንድ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ ምዝገባውን ከክልሉ ጠይቁ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልል ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ቦርድ መር (የበላይ ውሳኔ ሰጪው ቦርድ የሆነ) ድርጅት ለማቋቋም ሁለት መሥራች ይበቃል፤ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ማኅበር ግን አምስት አባል ይፈልጋል። አስተዳደራዊ ወጪም (እንደ ቢሮ ኪራይ ያለው) ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይሄን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ደረሰኝ ላይ ቀልድ የለም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ አንድ ልጅ በወር 50 ብር ይሰጠናል። ደረሰኙን አጣጥፎ፣ ዓሣ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። አንድ ወር ዘግይተን ብንሄድ «የኔስ?» ብሎ ጠየቀን። እንደ እሱ ያሉ መቶ ሰዎች፣ በዓመት አንዴ ከሚመጣ አንድ ባለሀብት ይሻሉኛል። ባለሀብቱ ፎቶ ተነስቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ለነገሩ ያልጠፉም አሉ። አዋጁ ገቢ ማስገኛ ሥራም ይፈቅዳል፤ ትርፉ ለአባላት እስካልተከፋፈለ ድረስ። እኛ ድንኳን፣ ሰሃንና ያንኑ ብረት ድስት ለሠርግና ለተዝካር እናከራያለን። ጥር ላይ ደህና ይገባል።

በጎ ፈቃደኛ አይጠፋም፤ ቢያንስ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነን። ፈተና ሲደርስ ግን አንድም ተማሪ አታገኙም። ስለዚህ አቅም እንደፈቀደ አንድ ደመወዝተኛ ቅጠሩ። የእኛዋ ምግብ አብሳይ ናት። እሷ ከመጣች ወዲህ ምሳ ሰባት ሰዓት አያልፍም።

አዲስ ቤት የምትጨምሩት መቼ ነው? የሦስት ወር ወጪው ባንክ ሲገባና የሚያደርሰው ሰው በስሙ ሲታወቅ። እስከዚያ ስማቸውን መዝግባችሁ ያዙ፤ በየወሩም ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ሂዱ፤ ቡና ያፈሉላችኋል።