ይዞታዎ በመልሶ ማልማት ቀጠና ውስጥ ሲገባ፦ በውጭ ለሚኖሩ ባለይዞታዎች

አዲስ አበባ ውስጥ በስምዎ የተመዘገበ ቤት ወይም ከወላጆችዎ የወረሱት ነባር ይዞታ ካለዎት፣ ዕጣው የሚወሰነው የማስነሻ ደብዳቤ በደረሰ ቀን ሳይሆን ቀደም ብሎ የሰፈሩ ፕላን ሲጸድቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ ከውጭ በብዛት ይነሳ የነበረው ጥያቄ «ካሣው ስንት ነው?» የሚል ነበር፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ጥያቄ ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች ሲወስን፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወርዶ የእርስዎ ቦታ ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለቅይጥ አገልግሎት ወይስ ለአረንጓዴ ስፍራ እንደሚውል፣ የሕንፃው ከፍታም ምን ያህል እንደሚሆን ይዘረዝራል። ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን መሠረተ ልማት በተዘረጋበት መሀል ከተማ ባለ አንድ ፎቅ ቤት መያዝ ብክነት ነው ይላል፤ ሌላው ዕድሩ፣ ደንበኛውና የእለት ገቢው ሰፈሩ ውስጥ የሆነ ሰው ዳር ሲወጣ የሚያጣውን ምትክ ቤት አይመልስለትም ሲል ይሞግታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን በወረዳው ስብሰባ ላይ የሚመዘገበው የተገኘው ሰው ሐሳብ ነውና፣ የባለይዞታው ወንበር ባዶ ከሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ የእሱ ሐሳብ አይኖርም።

ጉዳዩ ከስብሰባም ያልፋል። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ይዞታቸው በመልሶ ማልማት ቀጠና የሚገባ ሰዎች አቅማቸውን ካሳዩ በግል ወይም ከጎረቤት ጋር ተጣምረው በፕላኑ መሠረት እንዲያለሙ የቅድሚያ መብት ይሰጣል። በውጭ አገር ቁጠባ ያለው ሰው ከማንም ይልቅ ሊጠቀምበት የሚችለው ዕድል ይህ ነው፤ ለማስረጃው፣ ለድርድሩና ለፊርማው ግን አገር ውስጥ ሕጋዊ እጅ ያስፈልገዋል።

ያ እጅ ውክልና ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» ብሎ የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ኪራይ ለመሰብሰብና ቤት ለማደስ ይበቃ ይሆናል። በቁጥር 2205 እንደተደነገገው ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስም ሆነ ለመከሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ በፕላን ውይይት መሳተፍ፣ የካሣ ግምት ላይ ቅሬታ ማቅረብና ይግባኝ መጠየቅ፣ ምትክ ቦታ መረከብ፣ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ማልማት የሚሉት ሥልጣኖች አንድ በአንድ ይጻፉ። ገንዘብ የመቀበልን ሥልጣን ግን፣ ወኪሉ ወንድምዎ ቢሆን እንኳ፣ በስምዎ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲሆን ቢወስኑት ይሻላል። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ማለፍ ስላለበት፣ ሂደቱን አስቀድመው ይጀምሩ።

ስምም ያስቸግራል። ካርታው ላይ «አበበ ተሰማ ወልዴ» ተብሎ የተጻፈ ሰው፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም ተቆርጦ ወይም የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከተገኘ ወኪሉ ከመስኮቱ ሊመለስ ይችላል። ልዩነቱን በማስረጃ ማስተካከል፣ ካርታው በሟች ስም ከሆነም የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥቶ ስም ማዛወር ጊዜ ሲኖር የሚሠራ ሥራ ነው። ዜግነት የቀየሩ ደግሞ ቢጫ ካርዳቸው (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸው) የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ይመልከቱ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት የመያዝ መብታቸው የሚታየው በእሱ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅሬታ የሚቀርበው ይዞታውን የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ ነው፤ አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ ወኪልዎ የተሻሻለውን ጽሑፍ ጠበቃ ዘንድ ያጣራ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ካሣው የሚሰላው በንብረቱና በተደረገው መሻሻል ላይ እንጂ በቦታው የገበያ ዋጋ ላይ አይደለም። ስለሆነም የግንባታ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኞችን፣ የእያንዳንዱን ክፍል፣ የአጥሩንና የጉድጓዱን ፎቶ ከነልኬቱ አሁኑኑ አስነስተው ቅጂውን ከእርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ።