በትንሽ የዓሣ ገንዳ ውስጥ አልጌን ለመቀነስ

በቤት ውስጥ ባለ አነስተኛ የዓሣ ገንዳ መስታወት ላይ አረንጓዴ አልጌ ደጋግሞ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ወደ መፋቂያውና ወደ ኬሚካሉ ከመሄዳችሁ በፊት የመብራቱን ነገር ተመልከቱ። ገንዳውን ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት አርቃችሁ፣ መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ብቻ እንዲበራ በሰዓት መቆጣጠሪያ ብታስተካክሉት፣ የአልጌው እድገት በአብዛኛው ይገታል።

ሁለተኛው ምክንያት ምግብ ነው፤ ዓሣዎቹ ሳይበሉት የቀረው ምግብና ዓይነ ምድራቸው ሲበሰብስ ናይትሬትና ፎስፌት በውሃው ውስጥ ይከማቻሉ፣ አልጌውም የሚመገበው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልተው ከሚጨርሱት በላይ አትስጧቸው። በየሳምንቱም በጠጠሩ መካከል የተጠራቀመውን ቆሻሻ በቱቦ እየሳባችሁ ከውሃው 25 በመቶ ያህሉን አውጡና፣ ክሎሪኑ በተወገደለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር በተቀራረበ ውሃ ተኩት። የማጣሪያውን ስፖንጅ ግን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ከዓሣዎቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚገድል፣ ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውሃ ማለቅለቁ ይበቃል።

በፍጥነት የሚያድጉ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ንጥረ ነገሩን ስለሚሻሙ ይረዳሉ። ቀንድ አውጣም አልጌ ይበላል፤ ሆኖም የራሱን ቆሻሻ ስለሚጨምር በጠባብ ገንዳ ውስጥ ብዙም አልመርጠውም። የአልጌ ማጥፊያ ኬሚካል ለመጠቀም ከተገደዳችሁ፣ መዳብ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ሊገድል ስለሚችል መዳብ የሌለበትን ምረጡ። በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚታየው ቡናማ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ዳያቶም የተባለ ደቃቅ የአልጌ ዓይነት ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይቀንሳል።