በተኑን ደበቅከው እንጂ መቼ ከለከልክ፦ የጃንጎ አድሚን የፈቃድ ችግሮች

«በተኑ ለእኔ ይታያል፣ ለካሸሯ አይታይም።»

በጃንጎ (የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) አድሚን፣ ማለትም በማስተዳደሪያ ገጹ፣ የሚሠሩ ሰዎች ከደሴም ከኮምቦልቻም ሲደውሉልኝ ብዙ ጊዜ የምሰማው ይኼንኑ ነው። ላንተ የታየህ ሱፐርዩዘር (ሁሉ የተፈቀደለት አካውንት) ስለሆንክ ነው። ሱፐርዩዘር ጭራሽ ያልተፈጠረ ፈቃድ እንኳ ቢጠየቅለት ጃንጎ «አለው» ይላል። ተራ ስታፍ አካውንት (አድሚን የሚገባ፣ ግን የተሰጠው ፈቃድ ብቻ ያለው) ከፍተህ በእሱ ግባና ቴምፕሌቱ (የገጹ ቅርጽ ፋይል) ላይ የተጻፈውን የፈቃዱን ስም ፈትሽ፦ «ፐርምስ»፣ ነጥብ፣ የአፑ ሌብል፣ ነጥብ፣ የፈቃዱ ኮድኔም (መለያ ስሙ)። ጃንጎ ራሱ የሚፈጥረው ኮድኔም ሙሉ በሙሉ በስሞል ሌተር ነው። አንድ ፊደል ብትስት ኤረር አይመጣም፤ ቴምፕሌቱ ዝም ብሎ «የለውም» ብሎ ያልፋል።

ከሱፐርዩዘሩም ከጠፋ፦ ገጹ ያለ ሪኩዌስት (ብራውዘሩ የላከው ጥያቄ) ሬንደር ተደርጓል፣ ወይም «ፐርምስ»ን ለቴምፕሌቱ የሚያቀብለው የኦውዝ ኮንቴክስት ፕሮሰሰር ከሴቲንግ ወጥቷል።

አዲስ የጻፍከው ፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፦ ማይግሬት አድርግ (ዳታቤዙን ከኮዱ ጋር አስተካክል)።

«ቪው» የሚባል (የማየት) ፈቃድ ከነጭራሹ ከሌለ፦ ከጃንጎ 2.1 በታች ላይ ነህ። አሳድግ እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

በተኑ የለም፣ ዕቃው ግን ይሰረዛል

ዋናው ጣጣ ይኼ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ቆጠራው አልገጥም አለ። ባለቤቱ ሠራተኛውን ልጅ ጠርጥረው ሊያባርሩት ደርሰዋል። ልጁ «ወላሂ ሀጂ፣ እኔ ማጥፊያም የለኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ስክሪኑ ላይ ማጥፊያ የለም። ስልኩን ተቀበልኩትና አድራሻው ላይ ሁለት ፊደል ብጽፍ ብራውዘሩ የድሮውን የማጥፊያ ሊንክ ራሱ ሞላው፤ በተኑ ከመደበቁ በፊት የተከፈተ ነው። ልጁ የዕቃ ዝርዝሩን ልክፈት ሲል እሱን እየነካ ኖሯል። ሊንኩ ደግሞ በጌት የሚሰርዝ ነው! ገጹ ሲከፈት ዕቃው ሄደ። «ሀጂ፣ ልጁ ምንም አላጠፋም፤ መጋረጃ ሰቅለው በር ዘጋን ብለውዎት ነው» አልኳቸው።

ኮዱን ስከፍት በጌት_ዩአርኤልስ (የአድሚን ገጾች አድራሻ ዝርዝር) የተጨመረ ገጽ ነው፣ በአድሚን_ቪው ተጠቅልሎ። ሠሪው እሱ ይበቃል ብሏል። አይበቃም! አድሚን_ቪው የሚያየው ሰውየው ስታፍ መሆኑን ብቻ ነው፤ የሞዴሉን (የዳታቤዝ ሠንጠረዡን) ፈቃድ አይጠይቅም። አብረቅራቂ ቴምፕሌት ገዝቶ በተን በመደበቅ ብር የሚቀበል ሰው ይኼን መች ያነባል።

መፍትሄው፦ ቪው (ገጹን የሚያስኬደው ኮድ) ውስጥ ከምንም በፊት ሃዝ_ዴሊት_ፐርሚሽን (የማጥፋት ፈቃድ አለው ወይ) ጠይቅ፣ ከሌለው ፐርሚሽንዲናይድ አስነሳ። መሰረዝ በፖስት (ፎርም ሲላክ) ብቻ ይሁን። ከአድሚን ውጭ ላለ ቪው ፐርሚሽን_ሪኳየርድ አለልህ፤ ግን ሬይዝ_ኤክሴፕሽን ካላበራህ ፈቃድ የሌለውን ሰው ወደ ሎጊን ይመልሰዋል፣ እሱም «ፓስወርዴ አልሠራ አለ» ብሎ ሌሊት ይደውልልሃል። ከዚያ የማጥፊያውን ሊንክ ኮፒ አድርገህ በስታፉ አካውንት ክፈተው። 403 (ክልክል ነው የሚል መልስ) ካልመጣ አልተሠራም።

«የደሴው ቅርንጫፍ የኮምቦልቻን ዕቃ እንዳያይ» ካሉህ ፐርምስ አይረዳህም፤ እሱ የሚያውቀው ሞዴሉን እንጂ እያንዳንዱን ዕቃ አይደለም። ጌት_ኩዌሪሴት (ዝርዝሩ ከዳታቤዝ የሚወጣበት) ላይ በቅርንጫፍ አጣራ።