ፈትል ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እንዝርቱን ከማንሳታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ አዲስ እንዝርት ገዝታ ቤቴ መጣች። ፈትል ልማር ብላ ነው። እንዝርቷ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ ሲሾር የማይንገዳገድ። ከቦርሳዋ ጥጡን ስታወጣ ግን ልቤ ቅዝቅዝ አለ። ከፋርማሲ የተገዛ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የቁስል ጥጥ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትታገል ከርማ አንድ ክንድ ክር እንኳ አላወጣችም። "እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም መሰለኝ" አለችኝ።

እጇ ምንም አልሆነም። ያንን ጥጥ እኔም አልፈትለውም። እናቴም ብትሆን አትፈትለውም ነበር።

ከዚህ በፊትም ሌሎች ልጆች ይህንኑ ጥጥ ይዘው መጥተውብኛል። ሁሉም ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ እንዝርቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ወርውረው በዚያው ቀርተዋል። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው።

የፋርማሲ ጥጥ

የቁስል ጥጥ የተሠራው እንዲመጥ ነው። ጥጥ በተፈጥሮው ስስ ቅባት አለው። ጭረቶቹ፣ ማለትም ጥጡ የተሠራባቸው ስስ ስስ ፀጉሮች፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ክር የሚገቡት ያ ቅባት ስላለ ነው። ፋብሪካው ውሃ እንዲመጥ ሲል ቅባቱን አጥቦ ያወጣዋል። ጭረቱም ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ስትስቡት መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ በአንዴ ብጥስ ይላል።

ገበያ ሂዱና "ለፈትል የሚሆን" ብላችሁ ጠይቁ። የመተማም ይሁን የሁመራ፣ የአዋሽም ይሁን የጎፋ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቁንጥር ውሰዱና በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጭረቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ከሆነና ሳይንጫጫ እሺ ብሎ ከተሳበ ግዙት። በእጃችሁ ላይ ብናኝ ሆኖ የሚቀረውን ተዉት።

ባዘቶውን መናቅ

ባዘቶ ማለት ተዳምጦና ተነድፎ ለፈትል የተሰናዳ ጥጥ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉም ስህተት የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚያስበው ስለ እንዝርቱ ነው። እንዴት ይያዛል? እንዴት ይሽከረከራል? ጭን ላይ ነው ወይስ በጣት? ይህ በሳምንት ውስጥ የሚለመድ ነገር ነው። ክር የሚበላሸው ግን እንዝርቱ ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ጥጡ ሲሰናዳ ነው። እንዝርት ያገኘውን ነው የሚያከርረው። ጉጥ ያለበት ጥጥ ስጡት፣ ጉጥ ያለበት ክር ይሰጣችኋል።

መጀመሪያ መዳመጥ አለ። ፍሬ ያለበትን ጥጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ የብረቱን መዳመጫ ታንከባልሉበታላችሁ። ፍሬው ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ጀማሪ ቶሎ ልጨርስ ብሎ ይጫነዋል። ያኔ ፍሬው ይፈጫል። የተፈጨ ፍሬ ዘይት አለው፣ ጥቁር ቅርፊትም አለው። ቅርፊቱ ጥጡ ውስጥ ይሰገሰግና ክር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጋቢ ላይ ይወጣል። ነጭ ጋቢ ላይ የተረጨ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነጥብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እሱ ነው። ያንን በእጥበት አታስወጡትም። ትንሽ ትንሽ ጥጥ አድርጉ፣ መዳመጫውን በመዳፋችሁ አንከባልሉት እንጂ ክብደታችሁን አትጣሉበት።

ቀጥሎ መንደፍ ነው። ደጋን ያለው ሰው ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ እዩት። የደጋኑ ገመድ ጥጡን እየመታ ሲንዘረዘር ድምፁ ራሱ ደስ ይላል። የተጨበጠው ጥጥ ተፈታትቶ እንደ አረፋ ይነፋል። ደጋን ከሌላችሁ በእጅ እያፍታታችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል። እኔ ከተማ ውስጥ ለሚኖሩት የምመክረው የውሻና የድመት ጸጉር ማበጠሪያ ነው፤ ያ ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽ። ሁለት ግዙና ጥጡን በመሃላቸው አድርጋችሁ አበጥሩት። በደንብ ይሠራል።

ከዚያ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋችሁ ትጠቀልላላችሁ። ውፍረቱ ከጣት ብዙ አይበልጥ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ይሁን። ላላ ብሎ ይጠቅለል። ጨብጣችሁ ካጠበቃችሁት የነደፋችሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ።

እናቴ አመልማሎ ከጠቀለለች በኋላ ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃን ታየው ነበር። ጥሩ አመልማሎ በብርሃን ሲታይ እንደ ማለዳ ጉም እኩል ነው። መጥፎው ላይ ደግሞ ነጫጭ ጉጦች እዚህም እዚያም ይታያሉ። አንድ ሁለት ጉጥ ካየች በጥፍሯ ለቅማ ትጥላለች። ብዙ ከሆነ ሙሉውን ፈትታ እንደገና ትነድፈዋለች። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ያሰለቸኝ ነበር። አሁን እኔም መስኮት ስር ካልሆነ አልቀመጥም።

ያቺን የቅዳሜዋን ልጅ ምንም አላስተማርኳትም ማለት ይቻላል። የነደፍኩትን ሦስት አመልማሎ ሰጠኋት፣ በቃ። የፋርማሲውን ጥጥ አስቀምጣ በዚህ ጀመረች። ቡናው ሳይፈላ ክር ማውጣት ቻለች። ወፍራም ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ያበጠ ነው፤ ግን ክር ነው። ፊቷ ላይ የነበረውን ባያችሁት።

እንግዲህ ሁለት ሰዓት ለመፍተል ካላችሁ አንዱን ሰዓት ለባዘቶው ስጡት። ጊዜ ማባከን አይደለም። ፈትል ማለት እሱ ነው።

የተበጠሰን ክር መቋጠር

ክር ይበጠሳል። ሁላችንም ይበጠስብናል። አትቋጥሩት። ቋጠሮ የሸማኔው መወርወሪያ ውስጥ ይያዛል፣ ከተሸመነም በኋላ ልብሱ ላይ ይጎረብጣል። የተበጠሰውን ጫፍ በጣታችሁ ፈታ አድርጋችሁ አሳሱት። የአመልማሎውን ጫፍም እንዲሁ። ሦስት ጣት ያህል አነባብሯቸውና እንዝርቱን አሹሩት። ራሱ ይያያዛል። ያልያዘላችሁ እንደሆነ ጫፉን በደንብ አላሳሳችሁትም ማለት ነው።

ማግ መሆኑን ረስቶ ማክረር

ጀማሪ ክሩ እንዳይበጠስበት ይፈራል። ስለሚፈራ ያከርረዋል። ደጋግሞ ያከርረዋል። ክሩ ጠንካራ ሲሆን ደግሞ የተሳካለት ይመስለዋል።

የምትፈትሉት ለምን እንደሆነ አስቡ። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን፣ በቁመት የሚወጠረውን ማለት ነው፣ የፋብሪካ ክር ያደርጋል። የእጅ ፈትል የሚገባው ለማግ፣ በድሩ መሃል በአግድም ለሚያልፈው ክር ነው። ውጥረቱን የሚችለው ድሩ ነው። ማጉ መሃል ለመሃል እየተመላለሰ ገላ ላይ የሚያርፈውን ልስላሴና ሙቀት ይሰጣል። ፈትል ጋቢ ለብሳችሁ የሚሰማችሁ ያ ድሎት ከላላ ማግ የመጣ ነው። ከመጠን በላይ የከረረ ማግ ልብሱን ያኮማትረዋል፣ አንገት ላይም ይሻክራል።

መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ክር በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ ያዙ። ከዚያ እጆቻችሁን ቀስ ብላችሁ አቀራርቡ። ክሩ ወዲያው እርስ በርሱ ተጠማዝዞ እንደ አሳማ ጭራ ከተጠቀለለ በዝቷል። ትንሽ ዞር ብሎ ካረፈ ልክ ነው። ስትወጥሩት ተሳስቦ ከተለያየ ደግሞ አንሷል፤ ጥቂት አሹሩት።

ከባድ እንዝርት

ይህ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁት ነው። እዚያ የእጅ መፍተያ በሚሸጡ ሱቆች የምታገኙት እንዝርት አብዛኛው ለበግ ጸጉር የተሠራ ነው። የበግ ጸጉር ረጅም ስለሆነ ክብደት ይችላል። ጥጥ አይችልም። ከ20 እስከ 30 ግራም የማይበልጥ ፈልጉ። ወይ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እንዝርት ይዞላችሁ ይመለስ። ለመሸከም አይከብደውም፣ ጫፉ እንዳይሰበር ብቻ በልብስ መሃል ይጠቅልለው።

አዲስ እንዝርት ላይ ከባዶ መጀመርም ያስቸግራል። ቀድሞ የተፈተለ ክር አንድ ክንድ ያህል እሰሩበትና አመልማሎውን በእሱ ላይ አያይዙ።

ውሉን መጣል

"ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት" የሚባለውን ሁላችንም እንላለን። ፈታይ የሆነ ሰው ግን አባባሉ ያመዋል። የልቃቂቱ ጫፍ አንዴ ከገባ ፍለጋው ከባድ ነው። በግድ ስትስቡት ሌላውን ይዞ ይወጣል፣ ይወሳሰባል፣ መጨረሻው መቀስ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ የአንድ ወር ሥራዋ በዚህ ተወሳስቦባታል፤ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አብሬያት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ሙሉ ለሁለት ፈታነው። ግማሹን ብቻ አዳንን።

ፈትላችሁ ስትነሱ ሁልጊዜ ውሉን እሰሩ። እኔ ቀይ ክር ቁራጭ አስርበታለሁ፤ ነጭ ላይ ቀይ አይጠፋም። ልቃቂቱንም በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ክሩ ይሻግታል።

መሃል ላይ ጥጥ መቀየር

ይህንን እኔው ራሴ አጥፍቼዋለሁ። የመጀመሪያ ነጠላዬን ማግ ስፈትል ጥጥ አለቀብኝ። ከሌላ ሻጭ ገዛሁ፣ ቀጠልኩ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሳይታጠቡ ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ልዩነት አላየሁም። ሸማኔው ግን ገና ልቃቂቶቹን እንዳየ ዝም ብሎ በጣቱ አሻሻቸው። "እህቴ፣ ይሄ አንድ ጥጥ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ ሁለቱም ነጭ ነው" አልኩት። በመጀመሪያው እጥበት ነጠላው መሃል ላይ ሰፊ ቢጫማ መስመር ብቅ አለ። ለእናቴ ልሰጣት ያሰብኩት ነበር። ሰጠኋትም፤ ለበሰችውም። እኔ ግን እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ለአንድ ልብስ የሚሆነውን ጥጥ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ ግዙ። ካነሰባችሁና ሌላ ለመግዛት ከተገደዳችሁ ሁለቱን ከመነደፋቸው በፊት አደባልቁ። ልዩነቱ በልብሱ ሁሉ ላይ እኩል ይበተናል፣ ለዓይን አይታወቅም።

ሸማኔውን መጨረሻ ላይ መፈለግ

ብዙዎች ዓመት ሙሉ ፈትለው፣ ልቃቂቱን በዘንቢል ሞልተው፣ ከዚያ ሸማኔ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ይወጣሉ። መሄድ የነበረባቸው መጀመሪያ ነው። ሸማኔው ክራችሁ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት ይነግራችኋል። ምን ያህል እንደሚበቃም ያውቃል። ጥቂት ፈትላችሁ ናሙና አሳዩት። ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። በዶርዜ ሴቶቹ ሲፈትሉ ወንዶቹ ሲሸምኑ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ክር በጣታቸው ነው የሚያነቡት። የሚሏችሁን ስሙ።

ለመጀመሪያ ጊዜም ጋቢ አትመኙ። ነጠላ ሁለት ንብርብር ነው፣ ጋቢ አራት። ገና እጁ ያልፈታ ሰው አራት ንብርብር የሚሞላ ማግ ልፍተል ሲል መሃል ላይ ይደክመዋል። አንድ የአንገት ልብስ ይበቃል። ይለበሳል፣ ይታያል፣ ለቀጣዩ ልብ ይሰጣል።

ጥቃቅኖቹ

ሎሽን ወይም ቅቤ የነካ እጅ ጥጥ አይንካ። ነፋስ ባለበት በረንዳ ላይ አትፍተሉ። ጭናችሁ ላይ ጥቁር የጥጥ ጨርቅ አድርጉ፤ ነጩ ክር ጥቁር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል፣ የሳሳው ቦታ ሳይበጠስ ትደርሱበታላችሁ። የሚያንሸራትት ፖሊስተር ቀሚስ ላይ ግን እንዝርት አይሾርም።

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፍተሉ። እሁድን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ከፈተላችሁ ሰኞ ትከሻችሁ አይነሳም፣ ማክሰኞ ትተዉታላችሁ።

ልብሱ ተሸምኖ ሲመጣ ደግሞ በረኪና አታስነኩት። በረኪና የጥጥን ጭረት ይበላዋል፣ የላላ ማግ ደግሞ ከማንም በፊት ይጎዳል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ሳትጠመዝዙ እጠቡት። ውሃውን በፎጣ መሃል ጠቅልላችሁ ተጭናችሁ አውጡት። ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሸማኔው ሲለካ ከምትፈልጉት ርዝመት አንድ ስንዝር እንዲጨምርላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።