ስልኬን ያገኘው ሰው እኔን እንዲያገኘኝ ያደረግኩት

ጉዞ ላይ አይፎኔ አውቶቡስ ውስጥ ቀረ። ብደውል አይጠራም፤ የነበረው ኢሲም (ስልኩ ውስጥ የሚጫን ዲጂታል ሲም) ለኢንተርኔት ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ሲቆለፍ ጽሑፉን ይደብቃል። አይክላውድ (የአፕል አካውንቴ) ልግባ ስል ደግሞ ኮዱ የሚላከው እዚያው የጠፋው ስልክ ላይ ሆነ። ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ።

የሠራው ይሄ ነው፦ በጓደኛዬ ስልክ አይክላውድ ዶት ኮም ስላሽ ፋይንድ ገባሁ። እዚህ ፓስወርድ ብቻ ይበቃል፣ ኮድ አይጠይቅም። (ፓስወርዱን በቃል መያዝ ግን ግድ ነው።) ሎስት ሞድን (የጠፋ ስልክን ቆልፎ መልእክት የሚያሳየውን) አብርቼ የጓደኛዬን ቁጥርና «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚል ጻፍኩ። ስልኩ ሳይከፈት ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ብዙም ሳይቆይ ተደወለ። ያገኘው ሰውዬ የስልኩ ባለቤት ይደውል ይሆናል ብሎ ሁለቱንም ቀን ቻርጅ ሲያደርገው ነበር። ሽፋኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት ገንዘብ እንዳጠፍኩት ነው። ላካፍለው ብል በጄ አላለም። እግዜር ይስጠው።