ጅማ ላይ የጋራ ስቱዲዮ ለምትከፍቱ፦ እኛ የሠራነውን ስህተት አትድገሙ

አምስት ሆነን ነው የጀመርነው። ሁለት ድምጻውያን፣ አንድ አቀናባሪ፣ ሁለት ሠዓሊዎች። ቤቱ ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። አንዱ ለቀረጻ፣ አንዱ ለሥዕል፣ ኪራዩ ለአምስት። መጀመሪያ ሰሞን ጭንቀታችን ሁሉ ማይክና ሳውንድ ካርድ (የማይኩን ድምጽ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) ነበር። ሊበትነን የደረሰው ግን ዕቃ አይደለም። ሳንነጋገርባቸው ያለፍናቸው ነገሮች ናቸው። ሰሞኑን «እኛም ልንከፍት ነው፣ ምን ትሉናላችሁ?» የሚሉን ልጆች ስለበዙ እነሆ።

«ጓደኛሞች ነን፣ ሒሳብ ምን ያደርጋል?» ማለት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የመብራት ካርድ ግን አንበሳ አይደለም፤ አንድ ሰው ተነስቶ ሄዶ ማስሞላት አለበት። እኛ ጋ ያ ሰው ሁሌም አቀናባሪው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያመሸው እሱ ስለሆነ። ስድስት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለም። አንድ ማታ ቀረጻ መሐል ካርዱ አለቀና ጨለማ ሆነ። ሁላችንም የስልካችንን መብራት አብርተን ዞረን እሱን አየነው። «ምን ታዩኛላችሁ? ጄነሬተር ነኝ?» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

በማግስቱ ደብተር ገዛን። በሩ ላይ ምስማር መታንና በሲባጎ አንጠለጠልነው። በየሳምንቱ እንደ ዕቁብ ትንሽ ትንሽ ብር እንጥላለን፤ ገንዘቡን የሚይዘው ሰው በየወሩ ይቀያየራል። ኪራዩ እኩል ነው። መብራቱ ግን እኩል አይደለም፤ በቀን ብርሃን የሚሥል ሰው ሌሊቱን ኮምፒውተር ከሚያስነሳ ሰው ጋር እኩል ይክፈል ማለት ግፍ ነው። ደብተሩ ላይ ከብር ሌላ ማን እንደጠረገና ማን እንደቆለፈም ይጻፋል። ይሄኛው መጀመሪያ ልጅነት መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ገጹን ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ የእኔ ስም መጥረጊያው ረድፍ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለ አየሁና ዝም አልኩ።

ቀለምና ጉሮሮን አንድ ቤት ማሳደር

ይሄን ማንም አልነገረን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዷ ድምጻዊታችን ለቀረጻ መጣች። ማታውን አንዱ ሠዓሊ ብሩሾቹን በቲነር፣ ሽታው ኃይለኛ በሆነው የቀለም ማቅጠኛ፣ ሲያጥብ አምሽቷል፤ ዝናብ ስለነበር መስኮቱ ዝግ ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ውሃ ጠጣች፣ ማር ላሰች፣ አልሆነም። ለካ ቲነር ታፍኖ ያደረበትን ክፍል አየር እየሳበች ነው የዘፈነችው፤ ዘፋኝ ከማንም በላይ በረጅሙ ነው የሚተነፍሰው።

አሁን ብሩሽ የሚታጠበው በረንዳ ላይ ብቻ ነው። የቲነሩ ጣሳ ክዳኑ ሳይገጠም አያድርም። ቀረጻ ባለበት ቀን ሠዓሊዎቹ በእርሳስ ወይም በውሃ በሚሟሟ ቀለም ይሠራሉ። ሌላም አለ፦ በተልባ ዘይት የተነካካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። እኛ ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ነው የምንከተው።

ሸራም ከጭቃ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይደገፍ፣ በተለይ በክረምት። ይሻግታል። ማሲንቆውም እርጥበት አይወድም፤ ቆዳው ይላላል፣ ድምጹ ይወርዳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት መቃኘት ነው።

የእንቁላል ካርቶን

ድምጽ ያግዳል ብላችሁ ግድግዳ ላይ እባካችሁ አትለጥፉ። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምጽ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ የባጃጅ ጡሩንባን አያቆምም። ድምጽን የሚያቆመው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከባድ ስለሆነ ከብዙ ነገር ይሻላል። እኛ ጋ ድምጽ የሚገባው በበሩ ሥር ነበር፤ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን ሸጎጥንበት፣ ለውጡ ገረመን። ለማስተጋባቱ ደግሞ ከዘፋኙ ጀርባ ፍራሽ ማቆምና ብርድ ልብስ መስቀል ይበቃል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልነግርም። መውረድ ሲጀምር ማይኩን ዘግታችሁ ቡና አፍሉ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ የሚከብድበት ወቅት ላይ ጠዋት ጠዋት ቅረጹ።

ጎረቤትን አለማማከር

አጭር ነው። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፣ እማማ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ሳናስፈቅድ ከበሮ አስገባን። በማግስቱ መጥተው «ልጆቼ፣ ዘፈናችሁ ጥሩ ነው፤ ግን አንዱን ብቻ ነው እንዴ የምታውቁት?» አሉን። ለካ አንዱን ክፍል አርባ ጊዜ ደጋግመን ስንቀርጽ ሲሰሙ አምሽተዋል። አሁን ከበሮ ካለ ቀደም ብለን እንነግራቸዋለን። የአዛን ሰዓትና የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያለባቸውን ቀናትም ወረቀት ላይ ጽፈን ለጥፈናል። ለአክብሮቱም ነው፣ ማይኩም ስለማይምር ነው።

ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ብቻውን ኤዲት እንዲያደርግ መተው

ስለዚህ ስህተት ሲወራ ብዙ አልሰማሁም። የከፋው ግን ይሄ ይመስለኛል። ጅማ ውስጥ በአንድ ሳምንት በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በዳውሮኛና በየምኛ የሚዘፍኑ ልጆች እኛ በር ሊያንኳኩ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ግን አንድ ሰው ነው።

የአማርኛውን እዩት። «አለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ሲላላ መናገር። አቀናባሪያችን አንድ ቀን ድምጹን ከምቱ ጋር ሊያገጥም ብሎ «ፍቅር አለ» ከሚለው ላይ ለ'ዋን በስሱ ቆረጣት። የጠበቀችው ላላች። ፍቅር መኖሩ ቀረና ፍቅር መናገር ጀመረ። እሱ አማርኛ አፉን የፈታበት ሆኖ እንኳን ሦስት ቀን አላስተዋለም፤ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የድምጹ ሥዕል ላይ ነበር።

በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የአናባቢው ርዝመት ትርጉም ይለውጣል። «ለፈ» በአጭሩ መሬት ነው፤ «ላፋ» ብላችሁ ስትጎትቱት ለስላሳ ይሆናል። ይሄን የማይሰማ ሰው ለምት ሲል ሲያሳጥርና ሲያስረዝም የገጣሚውን መሬት ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፦ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሳይቀመጥ መቀስ አይነሳም። ዘፋኙ ራሱ ቢሆን ይመረጣል። ካልተመቸው ወንድሙም እህቱም ትሆናለች።

«ኋላ እንነጋገራለን» ማለት

አንድ ክራር የሚመታ ልጅ መጥቶ አንድ ከሰዓት አብሮን ሠራ። ምሳ ጋበዝነው፣ ሄደ። ከወራት በኋላ ዘፈኑ ሲወጣ ስሙ የለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል የአንዷ ሠዓሊያችን ነበር፤ የእሷም ስም የለም። ሁለቱም ደወሉ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ይሄን የሚመለከተው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሕጉ የደራሲውን፣ የከዋኙን (የሚዘፍነውን ወይም መሣሪያ የሚጫወተውን) እና የቀረጻውን አዘጋጅ መብት ለየብቻ ነው የሚያየው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ በምሳ ያለፋችሁት ነገር ለልጅ ልጆቻችሁ ሊተርፍ ይችላል። ሥዕልም ቢሆን ሸራውን መሸጥ ሌላ፣ የዘፈን ሽፋን ይሁን ብሎ መፍቀድ ሌላ።

እኛ አሁን ቀረጻ ሳይጀመር አንድ ገጽ ወረቀት እንሞላለን። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ማን ምን መታ፣ ስሙ እንዴት ይጻፍ፣ ብር ከመጣ እንዴት ይካፈላል። ፈርመን ፎቶ እናነሳዋለን። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ «አትተማመኑብኝም?» የሚል አይጠፋም። ይበል።

አንድ ሃርድ ዲስክ

በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ (የቀረጻው የጥራት ልክ ነው) አንድ ትራክ፣ ማለትም የአንድ ማይክ ድምጽ፣ ለአንድ ሰዓት ብትቀርጹ 500 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ስምንትና አሥር ትራክ ሲሆን ዲስኩ ቶሎ ይሞላል፤ ሰውም ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ይሰለቸዋል። እኛም ሰለቸን። ፋይሎቹ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እየተባሉ አንድ ዲስክ ላይ ተከመሩ። መብራት ሄዶ መጣ፣ ዲስኩ አልነሳ አለ። የሚያውቅ ሰው ጋ ወስደን ግማሹን አወጣልን። ከዚያች የቲነር ቅዳሜ በኋላ ደግመን የቀረጽናት ዘፈን ውስጥ አሁን የድምጻዊቷ ድምጽ አለ፣ ክራሩ የለም።